በሁለቱ መስኮቶች መካከል የተዘረጋው ሽቦ

ኡሲ ያንን ጥቁር ሽቦ ከቢ ዙዌና መስኮት አውጥቶ በመንገዱ ላይ ወደ ቢ ካዚጃ መስኮት ያሻገረ ዕለት፣ እኔ ደጄ ላይ ተቀምጬ ኮኮናት እፍቅ ነበር። የኪፖንዳ መንገዳችን ጠባብ ነው፤ ቅርጫት የተሸከመ ሰው ከመጣ ሌላው ግድግዳ ተጠግቶ ማሳለፍ አለበት። ሽቦው በቅጡ ተወጥሮ ሳይታሰር አንድ ቁራ መጥቶ መሃሉ ላይ አረፈበት። ኡሲ ከመስኮቱ "ሽ!" አለው። አልሄደም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አንዴ ይህን ቤት፣ አንዴ ያንን ቤት ያያል።

"ፈንዲ!" አለች ቢ ካዚጃ ከበሯ ብቅ ብላ፤ የእጅ ባለሙያን ሁሉ እንዲህ ነው የምንጠራው፤ ትልቅ ሴትን ደግሞ "ቢ" እንላለን። "የካንጋ ማስጫ ገመድ አበጀህልን? አላህ ይስጥህ።"

"ሥራ ነው የሚሄድበት፣ ቢ።"

"ሥራውም ይሂድበት፤ ካንጋዬም ይድረቅበት። ምን ይጋፋሉ?"

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። እኔ ቁራውን እያየሁ ሳልስቅ ቀረሁ።

ኡሲ የልጄ ልጅ ነው። የተወለደው ጃምቢያኒ ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶች ወገባቸው ድረስ ገብተው የባሕር ሣር የሚለቅሙበት መንደር። እናቱ ከነሱ አንዷ ነበረች። ለትምህርት ከተማ እኔ ዘንድ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው ሬዲዮዬን መፍታት ነው። ፈታው፣ ገጠመው፣ አንድ ብሎን ተረፈው። ሬዲዮው ከቀድሞው ይልቅ ጥርት ብሎ አወራ። ብሎኑ እስከ ዛሬ መርፌ በማስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ አለ። አሁን ኡሲ የልጆች አባት ነው፤ ፀጉሩም ከግንባሩ መሸሽ ጀምሯል። ሲሄድ ትከሻውን ወደ ግድግዳ ያስጠጋል፤ ሰው ሳይመጣበት ቀድሞ መንገድ ይለቃል።

ከአፉ "አይሆንም" ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ ታላቅን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው። ሌላው ሰው ግን መውጫ አያጣም፤ "ኢንሻላህ" ብሎ ይሄዳል፣ ጠያቂውም እንደማይደረግ ይገባዋል። ኡሲ "ኢንሻላህ" ካለ ሄዶ ያደርገዋል። ስለሱ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ጠባዩ ነበር።

ሥራ ያስተማረው ምዜ ማቻኖ ነው፣ አላህ ይዘንለት፤ ምዜ የምንለው በዕድሜ የገፋውን ነው። የዛንዚባር ሰርግ ግማሹ በማቻኖ ካሜራ ፊት ያለፈ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለት ሚስቶች ነበሩት፤ ታላቂቱ ቢ ዙዌና፣ ታናሺቱ ቢ ካዚጃ። ሁለቱን ቤቶች ፊት ለፊት ሠራላቸው፤ መስኮቱ እኩል፣ የበሩ ጥርብ እኩል። ዓሣ ሲገዛ መሃሉን በክር ለክቶ ይቆርጣል ይባል ነበር። ክሩን አላየሁም፤ ሲቆርጥ ግን አይቻለሁ። ተራም አሳስቶ አያውቅም፤ የዚህችን ቀን እዚህ፣ የዚያችን ቀን እዚያ ያድራል።

ሲሞት ያ ሁሉ ሰርግ በካሴት ቀረ። የባሕር አየር ደግሞ ካሴት ይበላል። ኡሲ ሻጋታውን እየጠረገ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጣቸው፤ ከብዙ ድካም በኋላ የምዜ ማቻኖ ዕድሜ በሙሉ በቢ ዙዌና ቤት ፎቅ ላይ በተቀመጠ፣ የጫማ ካርቶን በሚያህል የዲስክ ሣጥን ውስጥ ገባ። የበሰበሱት ካሴቶች ተጣሉ። ካሜራውን የወረሰው የቢ ካዚጃ ልጅ ማሱዲ ነው፤ ከኡሲ ጋር አብረው ያደጉ እኩዮች ናቸው። ማሱዲ አዲስ ሰርግ ባነሣ ቁጥር ሥራውን በፍላሽ ይዞ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣና ኡሲ ሣጥኑ ውስጥ ያስገባለታል። ነገሩ የተነሣው ከዚህ ነው።

"የአባቴን ዕቃ ለማየት የሰው ደጅ የማንኳኳው እስከ መቼ ነው?" አለ ማሱዲ አንድ ቀን፣ የደጁ ድንጋይ መቀመጫ ላይ ሆኖ።

"የሰው ደጅ? የእናትህ ጣውንት ደጅ እኮ ነው" አለው ኡሲ።

"እሱ ነው የባሰው!"

"እሺ፣ ሽቦ ልዘርጋልህ። አንተ ትጠይቃለህ፤ የዚህኛው ቤት መሣሪያ አውጥቶ ያቀብልሃል።"

"ያው ልመና! በእጄ ስለምን የነበርኩትን በሽቦ ልለምን? እኩል ስጠን፣ ፈንዲ። እኔም ስገባ ማንንም ሳልጠይቅ ልግባ፣ ሳወጣም እንደዚያው።"

ቢ ካዚጃ ከውስጥ ሆና "ማቻኖ ዓሣ እንኳ በክር ለክቶ ነው የቆረጠው" አለች፤ ድምጿን ከፍ ማድረግ አላስፈለጋትም።

ኡሲ መሬት መሬት እያየ "ኢንሻላህ" አለ።

የዚያን ዕለት ሩዝ እየበላን ምን እንደሚያሳስበው ጠየቅሁት። ፊደል ካረጀሁ በኋላ የቆጠርኩ ሴት መሆኔን ስለሚያውቅ፣ ለኔ ሲያስረዳ የሚገባኝን ነገር ይፈልጋል።

"ጓዳሽን አስቢ፣ ቢቢ" አለኝ፤ አያት ማለቱ ነው። "መደርደሪያ ብቻ ነው እንበል። ስኳሩ የት እንዳለ የምታውቂው አንቺ ነሽ። የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነም የምታውቂው አንቺው ነሽ። ማሱዲ የሚፈልገው ከጓዳው ዕቃ እንዲቀበል አይደለም፤ ጓዳውን ራሱን ነው የሚፈልገው።"

"ይቻላል?"

"ይቻላል። ሁለቱም መሣሪያዎች ሊኑክስ ናቸው። የዚህኛው ቤት መሣሪያ ዲስኩን በሽቦ ያውሳል፤ የዚያኛው ተቀብሎ በገዛ ሆዱ ውስጥ ያለ ዲስክ ይመስለዋል። ያገባል፣ ያወጣል፣ ማንንም አያስፈቅድም።"

"ታዲያ ምን አስፈራህ?"

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠው። "ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ሌላዋን ሳታያት፣ አንድ ጓዳ ቢያሰናዱስ? እያንዳንዷ ባዶውን ቦታ የያዘችው በጭንቅላቷ ነው። አንዷ ዛሬ ሩዝ ያስቀመጠችበትን ሌላዋ አላየችም። ባዶ መስሏት ዘይት ትደፋበታለች። ደግሞ ምንም ጩኸት የለውም፣ ቢቢ። ሰባሪም ተሰባሪም አይታይም። ሁለቱም ጓዳው ደህና ነው ብለው ይተኛሉ።"

ሁለቱን የሚያስማማ ሌላ አሠራር እንዳለ፣ እሱን ለማዘጋጀት ግን ጊዜ እንደሚፈልግ ነገረኝ። እስከዚያው ተራ ተደረገ። እስከ ዙህር፣ እስከ ቀትሩ ስግደት፣ ዲስኩ የቢ ዙዌና ቤት ነው። ዙህር ሲሰገድ የዚህኛው መሣሪያ ይዘጋዋል፣ የማሱዲ ይከፍተዋል። የከፈተ ሁሉ መደርደሪያውን እንደ አዲስ ያየዋል፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፍትም። ማሱዲ ይህን ሲሰማ በሳቅ ፈነዳ።

"አባቴ ሞቶም ተራ አላለቀም!"

የዝናቡ ወራት እስኪያልፍ ድረስ ተራው ተከበረ። ቁራዎቹም ሽቦውን ለመዱት።

ከዚያ የራያ ካሴት መጣ።

ቢ ዙዌና የወለደቻት አንዲት ልጅ ራያ ነበረች። ባሕር ማዶ ወዳለችው ደሴት፣ ወደ ፔምባ ነው የተዳረችው። ሰርጉ እዚሁ ቤት ነበር፤ ያነሣውም አባቷ ምዜ ማቻኖ ራሱ ነው፤ ካሴቱን ሙሽራዋ ይዛው ሄደች። ስትሄድ መርከቡ በሰላም አደረሳት። ከዓመታት በኋላ እናቷን ልትጠይቅ ስትመለስ ግን መርከቡ መሃል ባሕር ላይ ተገለበጠ። ራያ አልተገኘችም። ቢ ዙዌና የምትቆምበት መቃብር እንኳ የላትም። ካንጋዋን ተከናንባ ወደብ ወርዳ ውኃውን አይታ ትመለሳለች፤ እኔም አንዳንዴ አብሬያት እወርዳለሁ፤ አንነጋገርም።

ባልየው ቤት ሲለቅ ካሴቱን አግኝቶ በመንገደኛ ላከላት። ፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ እየሸተተ መጣ። ኡሲ በብርሃን አገላብጦ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። ፊልሙ እርስ በርሱ ተጣብቋል። "አንዴ ይዞር ይሆናል" አለ። "ሁለተኛ አይዞርም።"

"እንግዲያስ አሁን አዙረው" አለች ቢ ዙዌና።

ዙህር ተሰግዶ ነበር። "ነገ በጠዋት፣ ቢ። አሁን ተራው የማሱዲ ነው። እሱ ዲስኩን ከፍቶ ይሆናል።"

"ኡሲ ልጄ፣ ነገ የሚባለውን ነገር እኔ አላምነውም።"

አላለቀሰችም። ካሴቱን በሁለት እጇ እንደ እንቁላል ይዛ ቆመች እንጂ። ኡሲ ሊጠይቅ መንገዱን ተሻገረ። የማሱዲ መስኮቶች ተዘግተዋል፤ ቢ ካዚጃ በሩ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች።

"ማሱዲ አለ፣ ቢ?"

"ሰርግ ሊያነሣ ወጥቷል። የሴቶቹን በኩል እንድታነሣለት እህቱንም ይዟት ሄዷል።"

"መሣሪያውን ዘግቶት ይሆን? ብቻ አንዴ ወጥቼ ልየው፣ ወዲያው እወርዳለሁ።"

"ወዴት ልትወጣ? ላይ አራስ ተኝታለች! አንተ የሰው ልጅ አይደለህም እንዴ፣ ባሏ በሌለበት አራስ ቤት ወንድ ዘው የሚለው?"

"እርስዎ ቢያዩልኝስ? አረንጓዴ መብራት..."

"እኔ የማላውቀውን ነገር አልነካም። ነክቼው ቢሞት ማሱዲ እኔ ላይ ነው የሚጮኸው። ምነው፣ ጣውንቴ ቸኮለች? ሰላምታዬን በልልኝ።"

የማሱዲ ሚስት ከወለደች አርባ ቀኗ አልሞላም ነበር፤ መሣሪያው ያለውም ከአልጋዋ ባሻገር ነው። ኡሲ እንኳን ሊገባ፣ ቀና ብሎ መስኮቱን ማየትም አፈረ። ተመልሶ ሲመጣ ደረጃው ሥር አገኘሁት።

"ምን ልታደርግ ነው?" አልኩት።

"እገለብጠዋለሁ። ማሱዲ ዛሬ የሄደው ሊያነሣ ነው፤ ዲስኩ ላይ የሚያስገባው ነገር የለውም። ሲመለስ በሩ ላይ እጠብቀውና ዘግቶ እንደ አዲስ እንዲከፍት አደርጋለሁ። ብቻ ከዚያ በፊት ምንም እንዳያስገባ።"

ገለበጠው። ካሴቱ እየጮኸ ዞረ፤ ሊያበቃ ሲል ማጫወቻው ነከሰው። ኡሲ ጎትቶ ሲያወጣው የተበጣጠሰ የባሕር ሣር መስሎ እጁ ላይ ተንጠለጠለ። ራያ ግን ስክሪኑ ላይ ነበረች፤ ሒና የተቀባ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ አንገቷን ደፍታ። ቢ ዙዌና ቀረብ ብላ ስክሪኑን በጣቷ ነካችው።

ኡሲ እስከ ማታው ስግደት፣ እስከ ዒሻ ድረስ የማሱዲ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ማሱዲ አልመጣም፤ ሰርገኞቹ ዘንድ ቆይቶ የገባው ሊነጋ ሲል ነው። ጠዋት ኡሲ እየሮጠ ሲመጣ ማሱዲን ሻይ ሲጠጣ አገኘው።

"ማሱዲ፣ ሰርጉን ከማስገባትህ በፊት ዲስኩን ዝጋና..."

"አስገባሁት እኮ! ገና ሳይነጋ፣ ሱብሒ እንኳ ሳይሰገድ። አንተ ስታንኮራፋ ሰው ይሠራል።"

"ዘግተህ ከፍተህ ነው ያስገባኸው?"

"ምኑን እዘጋለሁ? ትናንት በተራዬ ከፈትኩት፣ እንደተከፈተ አደረ። ተራ ጠባቂ ሼህ ሆነህ ቀረህ አንተ! ማንዳዚ ብላ፣ ፊትህ አመድ መስሏል።"

ኡሲ ማንዳዚውን ተቀብሎ ሳይበላው ወደ ቢ ዙዌና ፎቅ ወጣ። የራያን ፊልም ከፈተው። ራያ እንዳለች ነች። ከዚህም ከዚያም እየነካ አየ፤ ደህና ነው። የሒናው ቦታ ጨለም ብሎ ስለነበር ያችን ትንሽ ክፍል አፍክቶ እዚያው መልሶ አስቀመጠ። ወርዶ "የተረፍን ይመስለኛል፣ ቢቢ" አለኝ። "ይመስለኛል" ማለቱን ጆሮዬ ያዘው።

ማሱዲን ለጊዜው ሽቦውን ትቶ እንደ ድሮው በፍላሽ እንዲያመጣ ለመነው። ማሱዲም በአዲሱ ልጁ ደስታ ላይ ስለነበር "ለአንተ ስል ለማኝ ልሁን" ብሎ ተወለት።

ከዚያ ወዲያ ቢ ዙዌና በየቀኑ የከሰዓቱን ስግደት፣ ዐስርን፣ ስትጨርስ ፎቅ ትወጣለች። ራያ ሒና ስትቀባ፣ ራያ ስትለብስ፣ ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ ራያ ስትነሣ፣ ወደ በሩ ስትሄድ ታያለች። ራያ እግሯን ወደ ደጃፉ ስታነሣ ቢ ዙዌና "በቃ" ትላለች። ከበሩ ወዲያ ያለውን አንድ ቀን አይታው አታውቅም። ኡሲ ፊልሙን ያቆመዋል።

"ላጥፋው፣ ቢ?"

"አታጥፋት።"

ካንጋዋን አውርዳ ስክሪኑን ታለብሰዋለች። መሣሪያው በካንጋው ሥር ሌት ተቀን እንደበራ ይኖራል። እኔ አጠገቧ ስቀመጥ በጨርቁ ውስጥ ብርሃኑ ደብዘዝ ብሎ ይታየኛል፤ ያለበሱት ሰው ይመስለኛል።

ከጾሙ በፊት የሚበዛው የሻዕባን ወር ሰርግ ጋብ ሲል፣ ከወደ ንጋምቦ ምዜ ፓንዱ የሚባል ሰው ፍላሽ በጡጫው ጨብጦ መንገዳችን ገባ። የራያ ካሴት በተገለበጠ ዕለት ማሱዲ የቀረጸው የዚህን ሰው ልጅ የናስራን ሰርግ ነበር።

"ማሱዲ! ውጣ!"

"ሺካሞ፣ ምዜ። ምን ሆነዋል?"

"ሰላምታህን ያዝ። በልጄ ሰርግ መሃል ሙት ታስገባለህ?"

"የምን ሙት?"

አራሷ ወደ እናቷ ቤት ሄዳ ስለነበር ሁላችንም ወደ ማሱዲ ፎቅ ወጣን፤ ኡሲም መጣ። ማሱዲ ፍላሹን ሰካው። ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቢርያኒ ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ። ከነሱ አንዱ አጥንት ሊያነሣ እጁን ሲሰድ በድንገት ራያ ስክሪኑን ሞላችው። ሒና የተቀባ እጇ ጭኗ ላይ፣ አንገቷ ደፋ ያለ። ቀና ልትል ስትል ጠፋች፤ ሰውየው አጥንቱን ይግጣል።

ምዜ ፓንዱ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ቀስሮ "የማቻኖ ልጅ ናት" አለ። "ባሕር የበላት። ሚስቴ ካየቻት ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። ልጄ የተዳረችው ወደ ፔምባ ነው፣ ሰዎች! በዚህ ወር መርከብ ትሳፈራለች። ይህ ምን ማለት ነው?"

"ጂን አይደለም፣ ምዜ" አለ ኡሲ በቀጭን ድምፅ። "የኔ ሥራ ነው። ያፈካኋት ክፍል ናት። በአንድ መደርደሪያ ላይ ሁለታችን አስቀምጠናል። ማሱዲ በራያ ላይ ደፋ፣ እኔም መልሼ በናስራ ላይ ደፋሁ።"

"በራያ ላይ?" አለ ማሱዲ። "የራያ ፊልም እኮ ደህና ነው! በየቀኑ እያያችሁት አይደለም እንዴ?"

ኡሲ በመስኮቱ ወደ ቢ ዙዌና ፎቅ ተመለከተ። "ከዲስኩ አይደለም የምናየው" አለ። "መሣሪያው በየቀኑ የሚጠየቀውን በጭንቅላቱ ይይዘዋል፤ ጓዳ አይወርድም። አጥፍተነው ስለማናውቅ አልረሳም እንጂ ጓዳው ውስጥ የለችም። የቀረችው ጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ ነው። ከጠፋ..."

ከጭንቅላታችን በላይ የነበረው ማራገቢያ ዘገየ፣ ዘገየ፣ ቆመ። ስክሪኑ ጨለመ። መብራት ሄደ።

በዝምታው ውስጥ ከመንገዱ ማዶ፣ ከቢ ዙዌና መስኮት፣ የመጠባበቂያው ባትሪ "ጢጥ" ሲል ሰማነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ጢጥ"።

"ምዜ፣ ፍላሽዎን!" አለ ኡሲ። ለታላቅ ሰው እንዲህ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም።

"የልጄ ሰርግ አለበት!"

"አይጠፋም፣ ቦታ አለው፣ በአላህ ይሁንብዎ!"

ምዜ ፓንዱ ነቅሎ ሰጠው። ኡሲ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወረደ። እኔ በአሮጌ ጉልበቴ ተከትዬ ስደርስ ቢ ዙዌና ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች፤ ራያ ልብሷን እየለበሰች ነው። ባትሪው ያረጀ ነበር፤ ጩኸቱ መቀራረብ ጀምሯል።

"ቢ፣ ስክሪኑን ላጥፋው። ባትሪውን ይበላል።"

"አታጥፋት አላልኩህም?"

"አላጠፋትም። ላወጣት ነው።"

ዓይኑን አየችው። ከዚያ ራሷ ካንጋዋን አንሥታ ስክሪኑን ሸፈነች፤ ኡሲም በስተኋላ ነቀለው። የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ፍላሹ ላይ የምትርገበገብ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ። ማሱዲም ምዜ ፓንዱም ደረጃው ላይ ቆመዋል። ቢ ካዚጃ ሳትጠራ መጥታ ከጣውንቷ ጀርባ ቆማለች። ባትሪው ያለ ዕረፍት ይጮኽ ጀመር። ነጥቧ መርገብገቧን ተወች። ኡሲ ፍላሹን ነቀለ። መሣሪያው ትንፋሹን ለቅቆ ጠፋ።

"ወጣች" አለ።

ቢ ዙዌና እጁን ይዛ ሳመችው። እሱ እጁን መልሶ ሲወስድ እንደ ሌባ ነበር የሚያየው፤ ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

በማግስቱ መብራት ሲመጣ ኡሲ ጠራኝና በሩን ዘጋ። ዲስኩ ላይ ያለው የራያ ፊልም እንዳልነበረ ሆኗል። ፍላሹ ላይ ያለውን አሳየኝ። ሒናው፣ ልብሱ፣ እልልታው፣ ሁሉም ደህና ነው። ራያ ተነሣች፣ ወደ በሩ ሄደች፣ እግሯን ወደ ደጃፉ አነሣች። ከበሩ ወዲያ የወጣችው ናስራ ናት። አረንጓዴ ልብስ የለበሰች፣ የምትስቅ፣ የማላውቃት ልጅ።

"በየቀኑ ያየችው ጭንቅላቱ ውስጥ ቆየ" አለኝ ኡሲ። "አይታው የማታውቀውን መሣሪያው ረሳው። ስጠይቀው ጓዳ ወርዶ ያገኘውን አመጣ። ማሱዲ የደፋውን።"

"ንገራት" አልኩት።

"ኢንሻላህ" አለኝ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ ሌላው ሰው፣ ብሎ ተወው።

ሽቦውን አወረደው። ማሱዲም እኩልነት ብሎ ድምፁን አላሰማም፤ የጠፉ ሌሎች ሰርጎች ነበሩና የየባለቤቱን ይቅርታ ሲለምን ሰነበተ። ኡሲ ከሳ። ቢ ዙዌና ዐስር በሰገደች ቁጥር አብሯት ይወጣል፤ ራያ ወደ በሩ መሄድ ስትጀምር እጁ ማቆሚያው ላይ ይዘጋጃል። "በቃ" እስክትል ትንፋሹን ይይዛል። እኔ እሱን እመለከታለሁ። አንድ ቀን "በቃ" ማለቱን ብትረሳስ እያልኩ በጸሎቴ መሃል ሳይቀር አስባለሁ።

አልረሳችውም። ራያ ባሕር ላይ የጠፋችበት ቀን ዓመቱን ጠብቆ በዚያው ወር ሲመጣ፣ አዲስ ካንጋ ለብሳ መጣችና ተቀመጠች።

"ዛሬ እስከ መጨረሻው አያታለሁ" አለች። "ሌሎቹን ዓመታት በወደቡ በኩል ነው የሸኘኋት። ዛሬ በበሩ በኩል ልሸኛት።"

"ሌላ ቀን ይሁን፣ ቢ..." አለ ኡሲ።

"ኡሲ ልጄ። እጅህን አንሣ።"

አነሣ። እልልታው አለፈ። ራያ ተነሣች፣ ሄደች፣ እግሯ ወደ ደጃፉ ከፍ አለ። አረንጓዴ ለባሿ ልጅ እየሳቀች ከማናውቀው በር ወጣች። ኡሲ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ቢ ዙዌና ወደ እሱ ሳትዞር መዳፏን ከፍ አድርጋ ዝም አሰኘችው፤ ፊልሙ እስኪያልቅ የሰው ልጅ ስታይ ቆየች። ሙሽሪት እናቷን አቀፈች፣ መኪና ውስጥ ገባች፣ እጇን በመስኮት አውጥታ አውለበለበች።

"የማን ልጅ ናት?" አለች በመጨረሻ።

"የምዜ ፓንዱ። ናስራ ትባላለች" አለ ኡሲ፣ እንባው አገጩ ላይ ሆኖ። "የራያ ቦታ ላይ የገባችው በኔ ጥፋት ነው፣ ቢ። ይቅር..."

"ባሏ የት ነው ያለው?"

"ፔምባ። ዌቴ።"

"ተሻገረች?"

እርስ በርስ ተያየን። ናስራ የተሳፈረችው የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነበር። ማሱዲ ደረጃው ላይ ቆሞ ኖሮ ስልኩን አውጥቶ ምዜ ፓንዱ ዘንድ ደወለ። እስኪያነሣ ድረስ አንድም ሰው አልተነቃነቀም። ከወደቡ በኩል የሌላ መርከብ ጡሩምባ ይሰማል።

"ደርሳለች!" አለ ማሱዲ። "በሰላም! አማቶቿ ቤት ገብታለች!"

"አልሐምዱሊላህ!" አልን። ኡሲ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ እኔም ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ቢ ዙዌና ግን ካንጋዋን ከጭኗ አላነሣችም፣ ስክሪኑንም አልሸፈነችም።

"መድረሷንስ ራያም ደርሳ ነበር" አለች። "ይህች ልጅ እናቷን ልትጠይቅ የምትመለሰው መቼ ነው?"